የጀግናው ቁስል የማን ዕዳ ነው?

በጋዝጊብላ አቀበትና ቁልቁለት የመኪና እሽቅድምድም የሚካሄድበት ሜዳ የለም። ይሁን እንጂ ሰው ለክብርና ለደስታ ብሎ ራሱን ለአደጋ ማጋለጡ ለደገኛው እንግዳ ነገር አይደለም። በገና ጨዋታ ሩሯ ጥርስ ትሰብራለች፤ በፈረስ ጉግስም ጋላቢው ከነኮርቻው ይወድቃል። እንግዲህ አደጋውን ወዶ የገባበት ሰው በተጎዳ ጊዜ፣ «ፈልጎ ያመጣው ነው» ብሎ ማለፍ ይገባልን?

በቅድሚያ አደጋን መቀበልና አደጋን መናቅ የተለያዩ መሆናቸውን ልብ እንበል። የቤተ ክርስቲያናችን ትምህርተ ክርስቶስ በፍጥነት ፍቅር ተነድቶ በመንገድ ላይ የራሱንና የሌላውን ደኅንነት አደጋ ላይ የሚጥል ሰው ከባድ በደል እንዳለበት ያስተምራል። በእሽቅድምድም ሜዳ ግን መንገዱ ለመንገደኛ ዝግ ነው፤ ተወዳዳሪው የሚጠብቀውን ያውቃል፤ ሐኪምም በአቅራቢያው ይቆማል። ይህም ሆኖ ኃላፊነት አያበቃም። እ.ኤ.አ. በ1994 በኢጣልያ ኢሞላ ሮላንድ ራትዘንበርገርና አይርተን ሴና በሁለት ተከታታይ ቀናት ሕይወታቸው ባለፈ ጊዜ፣ የውድድሩ ኃላፊዎች «የስፖርቱ ጠባይ ነው» ብለው አልተቀመጡም፤ መኪኖቹንም ሜዳዎቹንም አሻሻሉ። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ የነጂውን ራስ የሚከልል ጠንካራ የብረት ቅስት ግዴታ ሆነ። ከሁለት ዓመት በኋላ የሮማን ግሮዣን መኪና በባሕሬን ለሁለት ተሰንጥቆ በእሳት ሲያያዝ፣ ነጂው እጆቹ ብቻ ተቃጥለው በሕይወት ወጣ። አደጋን በእውነት የተቀበለ ሰው ሊቀንሰው ይተጋል።

ሁለተኛው ጉዳይ ከጉዳቱ በኋላ ያለው ነው። በ1952 ዓ.ም. በሮማ፣ በ1957 ዓ.ም. በቶክዮ የማራቶንን ድል የተቀዳጀው አበበ ቢቂላ በመጋቢት 1961 ዓ.ም. ሌሊት በሸኖ አካባቢ ይነዳት የነበረችው ቮልስዋገን ተገለበጠችበት። ይህ በውድድር ላይ የደረሰ አደጋ አልነበረም፤ ዓለምን ያስደነቁት እግሮች ግን ዳግመኛ አልተራመዱም። በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ለወራት ታከመ። በዚያ ያገኘው ድጋፍ ሐዘኔታ ብቻ አልነበረም፤ አካል ጉዳተኞች የሚወዳደሩበት መድረክ ተከፈተለት፤ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ ቀስት ወረወረ። በ1964 ዓ.ም. በሙኒክ ኦሊምፒክ በክብር እንግድነት ሲገኝ ሕዝቡ ተነሥቶ አጨበጨበለት። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. እስካረፈበት ጊዜ ድረስ ስፖርተኛነቱ አልተገፈፈም።

«ደፋሩን መደገፍ ሌላውን ለድፍረት ያነሣሣል» የሚል ይኖራል። ተግሣጽ ጊዜና ቦታ አለው፤ ጊዜው ከጨዋታው በፊት ነው፤ በበሽተኛ አልጋ አጠገብ ቦታ የለውም። ከዚህም በላይ፣ ዳር ቆመን «በርታ!» ያልን ሁሉ በድፍረቱ ተደስተናል። ደስታውን የተካፈለ ሰው ከቁስሉ ድርሻ የለኝም ሊል አይችልም። አደጋውን የመቀበል ውሳኔ የተጫዋቹ ነው፤ የተጎዳውን የመቀበል ግዴታ ግን የእኛ ነው።

በአገራችን የተጎዳን ሰው በቃሬዛ ተሸክሞ ወደ ሐኪም ማድረስ የታወቀ ደግነት ነው። ፈተናው የሚመጣው ግን ከወራት በኋላ፣ ጠያቂ ሲያንስ ነው። ስለዚህ በየቁምስናው ያላችሁ መምህራነ ትምህርተ ክርስቶስና ምእመናን፣ እግሩ የተሰበረውን ወጣት ማሳ በደቦ እረሱለት፤ ለከርሞው ገናም ከቤት አታስቀሩት፤ ሜዳው ዳር አስቀምጣችሁ ዳኛ አድርጉት። ያን ጊዜ ወጣቱ ተመጽዋች ሳይሆን እንደ ቀድሞው ከጓደኞቹ አንዱ መሆኑን ያውቃል።