እኩል መካፈል ፍትሐዊ ነው?

256 አድራሻ ያለው አንድ ኔትወርክ አለ እንበል። አራት ክፍሎች ይካፈሉታል፤ አንዱ 100 ኮምፒውተር አለው፣ ሁለተኛው 50፣ ሦስተኛው 20፣ አራተኛው ሁለት ራውተሮችን ብቻ የሚያገናኝ መስመር ነው። እኩል ብናካፍል ለእያንዳንዱ 64 ይደርሳል፤ ሁለቱ ለኔትወርኩ መለያና ለብሮድካስት ስለሚያዙ 62 ይቀራል። መቶው አይበቃውም፤ ራውተሮቹ ግን 60 ትርፍ አድራሻ ታቅፈው ይቀመጣሉ።

ኢንጂነሪንግ ስማር መጠናቸው የተለያየ ሰብኔት ማውጣት ላይ የገረመኝ ስሌቱ አልነበረም። ስሌቱማ ቀላል ነው፦ 128፣ 64፣ 32፣ 4። ሲደመር 228፤ ለሁሉም ይበቃል፣ 28 ይተርፋል። የገረመኝ ልጆች ሳለን "እኩል ይሁን!" እያልን የምንጮህለት ነገር እዚህ በደል ሆኖ መገኘቱ ነው። እናቶቻችን ግን ድሮም ያውቁታል፤ እርሻ ለዋለ ጎረምሳና ጡት ለጣለ ሕፃን አንድ ልክ አይቆርሱም።

አንድ ደንብ ግን ይከነክናል፦ ትልቁ ይቅደም ይላል። ለትልቅ ማዳላት ይመስላል አይደል? ነገር ግን የ32ቱን ቁራሽ በመጀመሪያው ግማሽ፣ የ4ቱን በሁለተኛው ግማሽ ላይ ብናስቀምጥ፣ 220 ባዶ አድራሻ እያለ እንኳ ለመቶው የሚሆን 128 አንድ ላይ አይገኝም። ትንሹ የትም ይገባል። ስለዚህ መቅደሙ ክብር አይደለም፤ ቦታ ለማግኘት የሚቸገረውን ማስቀደም ነው።

ይሄ ሁሉ የሚሠራው ግን ድምሩ ሲበቃ ነው። የአይፒቪ4 አድራሻ 32 ቢት ነው፤ በጠቅላላው 4.3 ቢሊዮን ገደማ። መጀመሪያ ድልድሉ በሦስት ቁና ነበር፦ 254፣ 65,534 እና 16.7 ሚሊዮን ገደማ። ኤምአይቲ ብቻውን ትልቁን ቁና ይዞ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1993 ቁናዎቹ ቀርተው በልክ መቁረጥ ተጀመረ። አፍሪካ የራሷን የአድራሻ መዝገብ ቤት ያገኘችው በ2005 ነው፤ በ2011 ደግሞ ማዕከላዊው ክምችት ባዶ ሆነ።

ቀድሞ የወሰደውን ሌባ ልለው አልችልም፤ ያኔ ተትረፍርፎ ነበር፣ ጠየቀ፣ ተሰጠው። ግን እኮ "ለእያንዳንዱ እንደ ፍላጎቱ" ስንል የምንለካው እዚያ የተገኘውን ሰው ፍላጎት ብቻ ነው። ገና ያልመጣው ምን ያህል እንደሚፈልግ የሚናገርለት የለም።

ለዚህ ነው ስደለድል ከ228 እስከ 255 ያለውን ቁራሽ ለማንም የማልጨምረው። "ባዶ ከሚቀመጥ ለእኛ ስጠን" የሚል አይጠፋም፤ ጥያቄውም ነውር የለበትም። መልሴ ግን ያው ነው፦ ባዶ አይደለም፣ ባለቤቱ አልደረሰም።