ሻማው ስለ ምን ብቻውን ይቀልጣል?

ለሌላው እያበራ ራሱ የሚቀልጥ ሻማ የመምህርና የሐኪም ምሳሌ ሆኖ ሲወደስ ኖሯል። ውዳሴው የመሥዋዕትነትን ክብር ያጎላል፤ ዳሩ ግን አንድ ጥያቄ ይሸፍናል። በብርሃኑ የሚጠቀመው ኅብረተሰብ ለሻማው መቅለጥ ኃላፊነት የለበትምን?

ጥያቄው በሥነ አእምሮ ሕክምና በሚሠለጥኑ ሐኪሞች ሕይወት ጎልቶ ይታያል። የሥነ አእምሮ ሐኪም ዋነኛ መሣሪያው ራሱ ነው፤ ጆሮው፣ ትዕግሥቱና ርኅራኄው። ሠልጣኙ ቀን የሰማውን ሰቆቃ ማታ ከነጭ ጋዋኑ ጋር አውልቆ አይሰቅለውም። የሌሊት ተረኝነት፣ የፈተና ጭንቀትና ሕይወቱን በገዛ እጁ ያጠፋ ሕመምተኛ ሐዘን ሲደራረቡበት መንፈሱ ይዝላል።

ይህን ዝለት ኸርበርት ፍሮይደንበርገር እ.ኤ.አ. በ1974 በጽሑፍ ገለጠው፤ ክሪስቲና ማስላክና ሱዛን ጃክሰንም እ.ኤ.አ. በ1981 መለኪያ አወጡለት። መገለጫዎቹ ሦስት ናቸው፦ የስሜት መሟጠጥ፣ ሕመምተኛውን እንደ ግዑዝ ነገር መቁጠርና የራስን ሥራ ከንቱ አድርጎ ማየት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀው የበሽታዎች ምደባ፣ ዝለቱ ራሱን የቻለ በሽታ ሳይሆን በአግባቡ ካልተያዘ የሥራ ጫና የሚመነጭ መሆኑን አስፍሯል። እንግዲህ ምንጩ ከሥራው ከሆነ፣ ሠራተኛውን ብቻ «በርታ» ማለት የጋራን ዕዳ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ መጫን ነው።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ እ.ኤ.አ. በ2003 ሥልጠናውን በአገር ውስጥ ሲጀምር የኢትዮጵያ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። «ሕመምተኛ በበዛበት፣ ሐኪም ባነሰበት አገር ዕረፍት ቅንጦት ነው» የሚል ይኖራል። ነገር ግን ሐኪም ባነሰበት አገር የአንዱ መውደቅ ጉዳቱ የከፋ ነው። የዛለ ጆሮም ቢደመጥለት እንጂ አያደምጥም፤ ስለሆነም ዕረፍት ለሕመምተኛው የሚከፈል ግዴታ ነው።

መፍትሔው የተሞከረ ነው። ማይክል ባሊንት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ለንደን ውስጥ ሐኪሞችን እየሰበሰበ ከሕመምተኞቻቸው ጋር ስላላቸው ግንኙነት ያወያይ ነበር። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2003 የሠልጣኝ ሐኪም የሥራ ሰዓት በሳምንት በ80 ተገደበ። ሆኖም የሰዓት ገደብ ብቻውን አይበቃም። ተተኪ ተረኛ፣ የቅርብ አማካሪና ምሥጢሩ የተጠበቀ ሕክምናም ያስፈልጋሉ። «የአእምሮ ሕመም አያሳፍርም» እያለ የሚያስተምር ሐኪም የራሱን ሕመም በእፍረት የሚደብቅ ከሆነ፣ ትምህርቱን የሻረው እርሱ ሳይሆን ያሠለጠነው ተቋም ነው።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው። የሰውን ሰቆቃ የማዳመጥ ሸክምም ከዚህ ሕግ ውጭ አይደለም።