የታመመች እናት በደለኛ ናትን?



ደቀ መዛሙርቱ ከተወለደ ጀምሮ ዕውር የነበረውን ሰው ባዩ ጊዜ ጌታን የጠየቁት፣ ኃጢአት የሠራው እርሱ ነው ወይስ ወላጆቹ ብለው ነበር (ዮሐ. 9፥1-3)። ጌታም ክሱን ከሁለቱም ላይ አነሣ። ጥያቄው ግን ከእኛ አንደበት አልጠፋም። ሰው ሲታመም በደለኛ መፈለግ የቆየ ልማዳችን ነው፤ ሕመሙ የአእምሮ፣ ታማሚዋም እናት ስትሆን ደግሞ ልማዱ ይብሳል።

አንድ ምሳሌ እናንሣ። አንዲት ሴት ሁለተኛ ልጇን በወለደች በሁለተኛው ሳምንት እንቅልፍ አጣች እንበል። ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ትሰማለች፤ ብቻዋን ትናገራለች። ሕፃኑን ማጥባት ተወች፤ የ4 ዓመቱ ልጅም ሳይበላ ይውላል። ጎረቤት «ልክፍት ነው» ብሎ ራቀ። ባልየው ልጆቹን ይዞ ወደ እናቱ ቤት ሄደ፤ ከወራት በኋላም ፍቺ ጠይቆ፣ እናቲቱ ልጆቿን ችላ ብላለችና ከእንግዲህ እንዳታያቸው ሲል ለፍርድ ቤት አመለከተ። ዳኛው ምን ሊፈርዱ ይገባል? ለምስክርነት የተጠራው ጎረቤትስ ምን ብሎ ይመስክር?

ሀ. ሕመም ኃጢአት አይደለም

ቅድስት ቤተ ክርስቲያን እንደምታስተምረን ከባድ ኃጢአት የሚሆነው ጉዳዩ ከባድ ሲሆን፣ ሰውየውም በሙሉ ዕውቀትና በሙሉ ፈቃድ ሲፈጽመው ነው። ኅሊናና ፈቃድ በሕመም ሲታወኩ ተጠያቂነት ሊቀንስ፣ አንዳንዴም ፈጽሞ ሊቀር ይችላል። በምሳሌያችን ያለችው እናት ልጇን የተወችው ስለ ጠላችው አይደለም፤ የምታይበት ዓይነ ልቡና ስለ ታወከባት ነው። እንዲህ ያለው ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ብርቱ የአእምሮ ሕመም ከ1,000 ወላዶች አንዲቱን ወይም ሁለቱን እንደሚያገኝ ሐኪሞች ያውቃሉ። ሕክምና በጊዜው ካገኙ አብዛኞቹ ይድናሉ። ስለዚህ ጸሎቱና ጸበሉ ወደ ሐኪም ከመሄድ ሊያስቀሩን አይገባም፤ ሁለቱም ከአንድ አምላክ የተሰጡ ናቸውና።

ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በኅዳር 1996 (እ.ኤ.አ.) ሮም ላይ ስለዚሁ ጉዳይ ለተሰበሰቡት ሲናገሩ፣ የአእምሮ ሕመምተኛ እንደ ማንኛውም ሰው የእግዚአብሔርን አርአያና አምሳል ዘወትር እንደ ተሸከመ አስተምረዋል። «አማኑኤል ገብታ ነበር» እያልን የምናንሾካሹከው እኛ ግን ያንን አርአያ በአንዲት ቃል እንሰርዘዋለን።

ለ. የልጁ ረኀብ ግን እውነት ነው

ይሁን እንጂ ለእናቲቱ የሚገባው ርኅራኄ የልጁን አደጋ መሸፈኛ ሊሆን አይገባም። የተራበ ሕፃን እናቱ በደለኛ መሆን አለመሆኗን አይጠይቅም፤ ይራባል እንጂ። ካህኑ በንስሐ ስለ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ዳኛው ግን አስቀድመው የሚጠይቁት ስለ ልጁ ደኅንነት ነው። እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች መቀላቀል ወይ በእናቲቱ ላይ ያለ በደሏ መፍረድ፣ ወይም ሕፃኑን አሳልፎ መስጠት ይሆናል።

መልካም ሕግ ይህን ልዩነት ይጠብቃል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በአንቀጽ 113፣ ዳኛው በፍቺ ጊዜ ስለ ልጆች አጠባበቅ ሲወስኑ የተጋቢዎቹን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤንነትና የአኗኗር ሁኔታ፣ እንዲሁም የልጆቹን ዕድሜና ጥቅም እንዲመለከቱ ያዝዛል። ጤንነት ከሚመዘኑት ነገሮች አንዱ ነው፤ ብቻውን ግን ፍርድ አይሆንም። አገራችን በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም፣ በአንቀጽ 23፣ በወላጅ ጉዳተኝነት ምክንያት ልጅ ከወላጁ እንዳይለይ ይከለክላል፤ ከአእምሮ ሕመም የሚመጣ የረጅም ጊዜ ጉዳትም ከዚህ ይቆጠራል።

ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በአሜሪካም፣ የኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት ሕግ አንድ ወላጅ ልጁን ችላ ብሏል ለማለት ሁለት ነገር እንዲረጋገጥ ይሻል። አንደኛው ልጁ መጎዳቱ ወይም ለጉዳት መቃረቡ ነው፤ ሁለተኛው ጉዳቱ የመጣው ወላጁ አነስተኛውን ተገቢ ጥንቃቄ እንኳ ባለማድረጉ መሆኑ ነው። የዚያች ክፍለ ግዛት የይግባኝ ፍርድ ቤቶች የአእምሮ ሕመም መኖሩ ብቻውን እንደማይበቃ፣ ሕመሙ በልጁ ላይ ካደረሰው ወይም ሊያደርሰው ከሚችለው ጉዳት ጋር መያያዙ በማስረጃ መታየት እንዳለበት ደጋግመው ወስነዋል። የሚመረመረው የሕመሙ ስም ሳይሆን በቤቱ ውስጥ የሆነው ነገር ነው።

ልጁን ለጊዜው፣ አንዳንዴም ለረጅም ዘመን፣ ወደ ሌላ እጅ መስጠት ግድ የሚሆንበት ሰዓት እንዳለ አንክድም። በሰሎሞን ፊት የቆመችው እውነተኛ እናት የታወቀችው ልጇ በሕይወት ይኖር ዘንድ ለሌላይቱ ይሰጥ በማለቷ ነበር (1ነገ. 3፥16-28)። መለየት ሁልጊዜ ጭካኔ አይደለም። የሚያስፈልገውን ያህል መለየት አንድ ነገር ነው፤ እናቲቱ ከዳነችና ከልጆቿ ጋር በሰላም መገናኘት ከቻለች በኋላ ስለ ሕመሟ ቅጣት ይሆን ዘንድ ዓይናቸውን እንዳታይ መከልከል ግን ሌላ ነገር ነው።

ሐ. ችላ ያለው ማን ነው?

ሦስተኛው ጥያቄ ወደ እኛ ይመለሳል። በባህላችን አራስ ብቻዋን አትተውም። አንዷ ገንፎ ታገነፋለች፤ አንዷ አጥሚት ይዛ ትመጣለች፤ ሌላዋ ሕፃኑን ታቅፋ እናቲቱን ታስተኛለች። አንዲት ሴት ብቻዋን እናትነትን ልትሸከም እንደማትችል አያቶቻችን ያውቁ ነበር። ታዲያ ሕመሟ ዕለት ያ ሁሉ እጅ ወዴት ሄደ? ከታመመችው እናት ይልቅ ጤነኛ ሆነን ሳለ የራቅነው እኛ በእግዚአብሔር ፊት የምንመልሰው ይበዛል፤ ዕውቀቱም ፈቃዱም በእጃችን ነበረና።

እንግዲህ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ በየቁምስናችሁ እንዲህ ያለ ቤት ሲያጋጥማችሁ አስቀድማችሁ ልጆቹ መብላታቸውንና ከአደጋ መጠበቃቸውን አረጋግጡ። እናቲቱን ወደ ጤና ጣቢያ የሚያደርሳት፣ መድኃኒቷንም የሚያስታውሳት ሰው ፈልጉ። ለምስክርነት ብትጠሩ በዓይናችሁ ያያችሁትን ብቻ ተናገሩ፤ ልጁ የራበውን ቀን አትደብቁ፤ «እብድ ናት» የሚለውን የሰፈር ወሬ ግን ወደ ችሎት አታስገቡ። ዳኛው እናቲቱ ሰው ብታገኝ ልጆቿን ልታሳድግ ትችል እንደሆነ ቢጠይቁ፣ «ሰው አላት፤ እኛ አለን» ብሎ ለመመለስ የሚችል ማኅበረ ምእመናን ያስፈልጋል። ይህን መልስ ለመስጠት ግን ችሎቱ ከመድረሱ በፊት በሩን ያንኳኳን መሆን አለብን።

በመስቀሉ ሥር እናቱን ለደቀ መዝሙሩ፣ ደቀ መዝሙሩንም ለእናቱ አደራ የሰጠ ጌታ፣ የታመሙትን እናቶችና ልጆቻቸውን እርስ በርሳችን አደራ እንድንቀባበል ይርዳን። አሜን።