ደመወዟ የእሷ ነው፤ ድካሙስ የማን ነው?

 

በቅርብ ያገቡ ወንድሞች ደጋግመው የሚጠይቁት ጥያቄ አለ። «ኡስታዝ፣ አልሐምዱሊላህ ልጅ ወልደናል። የባለቤቴ የወሊድ ፈቃድ ሊያልቅ ነው። ሥራዋን ትቀጥል ወይስ ቤት ትቀመጥ?» ይላሉ። ጥያቄው ሲመጣ ብዙ ጊዜ ሒሳቡ ተሠርቶ አልቋል። እንበል እሱ 14,000 ብር ያገኛል፣ እሷ 9,000። ልጅ ለምትይዝ ሠራተኛ 4,000 ይከፈላል። ለእሷ ታክሲና ምሳ ደግሞ 3,000 ይወጣል። «ታዲያ ለ2,000 ብር ብላ ልጇን ጥላ ትውጣ?»

መደመሩና መቀነሱ ልክ ነው። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ ወንድሜ፤ የሠራተኛዋ 4,000 ብር ለምን ከእሷ ደመወዝ ላይ ተቀነሰ? ልጁ የሁለታችሁ አይደለም? እስቲ ከአንተ 14,000 ላይ ቀንሰው። ላንተ 10,000 ይቀራል፣ ለእሷ 6,000። ቤታችሁ የሚገባው ብር አልጨመረም፣ አልቀነሰምም። የተቀየረው ፍርዱ ነው። ቅድም «ለ2,000 ብር» ተብሎ የተናቀው ሥራ አሁን ከቤት ኪራዩ ትልቁን ድርሻ የሚሸፍን ሆኖ ታየ።

ይህ በቁጥር መጫወት እንዳይመስልህ። ሸሪዓውም የልጁን ወጪ የሚጽፈው በአባት ስም ነው። ሱረቱል በቀራ ቁጥር 233ን ተመልከት። ስለ ማጥባት የሚናገር አንቀጽ ነው። ማጥባቱን ማሟላት ለፈለገ ሁለት ሙሉ ዓመት ያስቀምጣል፤ የእናትየውን ምግብና ልብስ ግን በአባት ላይ ይጥላል። ሌላ አጥቢ መቅጠር ቢፈልጉ ክፍያዋ ተገቢ በሆነ መንገድ ይሰጣት ይላል። በሱረቱ ጠላቅ ቁጥር 6 ደግሞ የተፈታች እናት የገዛ ልጇን ስታጠባ እንኳ ዋጋዋ እንዲሰጣት ታዟል። እንግዲህ አላህ ልጅ መያዝን ዋጋ ያለው ሥራ አድርጎ ቆጥሮታል፤ ሒሳቡንም ለአባት ልኮታል። እኛ ነን ሂሳቡን ወስደን ከእናት ደመወዝ ላይ የለጠፍነው።

እዚህ ላይ አንዳንድ ወንድሞች ይከፋቸዋል። «ኡስታዝ፣ የእኔ ደመወዝ ከወሩ አጋማሽ አያልፍም፤ ከየት ላምጣ?» ትላለህ። እውነትህን ነው። ያው አንቀጽ ማንም ከአቅሙ በላይ እንደማይገደድ ይናገራል። ከሱረቱ ጠላቅም ቀጣዩ ቁጥር 7 ሪዝቁ የጠበበበት ሰው አላህ ከሰጠው ላይ ይስጥ ይላል። ባጣኸው አትጠየቅም። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። አንተ ያልሞላኸውን እሷ ስትሞላው ምን ብለህ ትጠራዋለህ?

ለዚህ የዘይነብ (ረ.ዐ) ታሪክ ይበቃናል። የዐብዱላህ ኢብኑ መስዑድ ባለቤት ናት። ባሏ ከእሷ ያነሰ ገንዘብ ነበረው፤ እሷ ደግሞ በእጇ ላይ የነበሩ የቲሞችን ታሳድግ ነበር። ሶደቃዋን ለእነሱ ብትሰጥ ይቆጠርላት እንደሆነ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ልትጠይቅ ሄደች። መልሱ በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል፤ ሁለት ምንዳ አላት፣ የዝምድናና የሶደቃ። አስተውሉ፤ ያወጣችው ወጪ «ግዴታዋ ነው» አልተባለም። ሶደቃ ነው የተባለው። ሶደቃ ደግሞ በጉልበት አይጠየቅም። ሲሰጥህ ታመሰግናለህ፤ ሰጪዋን ዱዓ ታደርግላታለህ። «ደመወዝሽ የት ገባ?» ብለህ በወር መጨረሻ የምትመረምራት ከሆነ ግን ሶደቃዋን ወደ ግብር ቀይረኸዋል።

ተነጋግራችሁ፣ «ከምታገኚው ይህን ያህሉን ለቤት እናውል» ብላችሁ በፈቃድ ከተስማማችሁ ስምምነት ይከበራል። በደሉ ያለው ሳይነገር በሚወሰደው ላይ ነው።

ኒካሕ ያላሰራችሁ ወጣቶች፣ ይህን አሁን ተነጋገሩበት። ስለ አዳራሹና ስለ ቬሎው ሦስት ወር ሙሉ ተወያይታችሁ ልጁን ማን እንደሚይዝ አንድ ቀን ሳታነሱ የምትጋቡ ብዙ ናችሁ።

እስካሁን ያወራነው ስለ ብር ነው። ብር ሲያጥር ግን ቤት የሚቆመው በሰዓት ነው፤ ማጠቢያ ማሽን የሌለው ቤት በሰው ወገብ ያጥባል። ከሥራ የምትመለስን አንዲት እህት ማየት ይበቃል። 11 ሰዓት ተኩል ከቢሮ ትወጣለች። የታክሲ ሰልፍ ትቆማለች። ቤት ስትገባ መግሪብ ሊያልፍ ደርሷል፤ ልጁ ቀሚሷን ይዞ ያለቅሳል፤ ሠራተኛዋ «እትዬ፣ ሽንኩርት አልቋል» ትላለች። ባልም በዚያው ሰዓት ደክሞት ገብቷል። እሱ ግን ሶፋው ላይ ሆኖ ስልኩን ይነካካል። ሁለቱም እኩል ሰዓት ሠርተው መጥተዋል። የእሱ ድካም ዕረፍት ይገባዋል ተብሎ ሲታመን፣ የእሷ ድካም እንደ ድካም አልተቆጠረም።

አንዳንዱ «ኧረ እኔ አግዛታለሁ» ይላል። ቃሉ ደግ ቃል ነው፤ ትንሽ ግን ይቆረቁረኛል። ሰው የሚያግዘው የሌላን ሰው ሥራ ነው። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤታቸው ውስጥ ምን ይሠሩ እንደነበር ስትጠየቅ በቤተሰባቸው አገልግሎት ላይ እንደነበሩ፣ ሶላት ሲደርስም ይወጡ እንደነበር ተናግራለች። ሌላ ዘገባ ልብሳቸውን ይሰፉ፣ ፍየላቸውን ያልቡ እንደነበር ይጨምራል። ያ ሰው ነቢይ ነበር፣ መሪ ነበር፣ ዳኛ ነበር፤ ከአንተ የበለጠ ሥራ ነበረበት።

በዚህ ርዕስ ላይ የፋጢማን (ረ.ዐ) ታሪክ የሚያነሳ ሰው አይጠፋም። ወፍጮ እጇን ጎድቷት አባቷን አገልጋይ ጠየቀች፤ እሳቸው ግን ከመተኛት በፊት ሱብሓነላህ፣ አልሐምዱሊላህና አላሁ አክበር ማለትን አስተማሩ። «አየሽ፣ ዚክር አድርጊ እንጂ አታማርሪ» ለማለት ታሪኩን የሚጠቀሙበት አሉ። ሐዲሱን እስከ መጨረሻው ግን አንብቡት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በሌሊት ራሳቸው ወደ ቤታቸው መጡ፤ በዐሊና በፋጢማ መሐል ተቀመጡ፤ ትምህርቱንም ለሁለቱም ሰጡ። ኋላ ያን ዚክር ከሰማበት ቀን ጀምሮ፣ በሲፊን ጦርነት ሌሊት እንኳ እንዳልተወው የተናገረው ዐሊ (ረ.ዐ) ነው። ዚክሩ ለደከሙ ባልና ሚስት የተሰጠ ነው። ባል ለሚስቱ የሚያዝዘው ማስታገሻ አይደለም።

እህቴ፣ አንቺ ደግሞ ቤት ለመቀመጥ ከመረጥሽ «ሥራ የላትም» የሚሉሽን አትስሚ። ከላይ እንዳየነው አላህ ዋጋ የቆረጠለት ሥራ ላይ ነሽ። ወጥተሽ ከሠራሽም ልጅሽን የበደልሽ ያህል በየማታው ራስሽን አትክሰሽ። ምርጫውን ለሁሉም ቤት አንድ አድርጎ የሚቆርጥ ሰው የሌላውን ቤት ኪራይ ከፍሎ አያውቅም።

ችግሩ ሁሉ በባልና ሚስት መካከል ብቻ ነው ብዬም አላምንም። በአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ፈቃድ አላት። አባት 3 ቀን። ሦስት ቀን የእናትየው ወገብ እንኳ ሳይጠና ያልፋል። ቁርኣን ላይ ከተጠቀሰው ሁለት ዓመት ሦስቱን ወር ቀንሱ፤ ሃያ አንድ ወር ባዶ ይቀራል።

ይህ ጭንቀት አዲስ አይደለም። በዑመር (ረ.ዐ) ዘመን ከመዝገብ የሚሰጠው ድጎማ ጡት ለጣለ ልጅ ብቻ ነበር። ኢብኑ ሰዕድ እንደዘገቡት፣ ኸሊፋው አንድ ሌሊት መዲና ዳር የሰፈሩ ነጋዴዎችን ሲጠብቁ የሕፃን ለቅሶ ሰሙ። ደጋግመው ሄደው እናቱን ወቀሷት። እሷም ማን እንደሆኑ ሳታውቅ ምክንያቷን ነገረቻቸው፤ ዑመር የሚሰጡት ጡት ለጣለ ስለሆነ ያለጊዜው ጡት እያስጣለችው ነው። የዚያን ዕለት ሱብሒ ሲያሰግዱ ከለቅሷቸው የተነሳ ቂርኣታቸው አልሰማ አለ። ከዚያም ልጆቻችሁን ጡት ለማስጣል አትቸኩሉ ተብሎ ታወጀ፤ ድጎማውም ከተወለደበት ቀን ጀምሮ ሆነ። እናትየዋን «ትዕግሥት የላትም» ብለው አላለፏትም። የራሳቸውን ደንብ ነው የመረመሩት። ከእናንተ መካከል ነገ ድርጅት የሚመራ፣ ሱቅ ከፍቶ ሦስት ሰው የሚቀጥር ይኖራል። ያቺ የምታጠባ ሠራተኛህ አንድ ሰዓት ቀድማ እንድትወጣ ስትጠይቅህ ይህን አስታውስ።

ያን ሃያ አንድ ወር ዛሬ የሚሞላው ማነው? አያት ከሌለች፣ ከገጠር የመጣች ልጅ ናት። እኛ «ሥራና ቤተሰብን አመጣጠንን» ስንል ሚዛኑ የቆመው በእሷ ትከሻ ላይ ነው። አንዳንዷ ራሷ ልጅ ናት። ሌላዋ የራሷን ልጅ እናቷ ዘንድ ትታ የእኛን ታዝላለች። ከላይ የጠቀስኩት አዋጅ የቤት ሠራተኛን አይሸፍንም፤ የዕረፍት ቀኗና የሥራ ሰዓቷ በእኛ ተቅዋ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በእጃችን ሥር ያሉትን ወንድሞቻችሁ ናቸው ብለው፣ ከምንበላው እንድናበላቸው፣ ከአቅማቸው በላይ እንዳንጭንባቸው፣ ከጫንንም እንድናግዛቸው አዘዋል። እኛ ግን ስለ ሴት መብት በቤታችን እየተከራከርን ለእሷ የተረፈ እንጀራ እናቀርባለን። ለኪራይ ጠበበን ብለን የእሷን ደመወዝ የምናሳድርበት ወር አለ። የባልና የሚስትን ፍትሕ በሦስተኛ ሰው ዙልም ላይ የገነባ ቤት በረካ ከየት ያገኛል?

ያው የበቀራ አንቀጽ ጡት ማስጣልን እንኳ ለሁለቱ መዋደድና መመካከር ትቶታል። ልጅን ጡት ለማስጣል ሹራ ካስፈለገ፣ ማን እንደሚሠራና ማን እንደሚይዘው ለመወሰን እንዴት አያስፈልግ? ዛሬ ከዒሻ በኋላ ልጁ ሲተኛ አንድ ወረቀት አውጡ። የብሩን ሒሳብ አንድ ጊዜ ጻፉት፤ የልጁንና የሠራተኛዋን ወጪ ከአባት ስም ሥር አድርጉት። ከዚያ ገልብጡና የሰዓቱን ጻፉ፤ ሌሊት ማን ይነሳል፣ ወደ ክትባት ማን ይወስዳል፣ ዳይፐር ማን ይገዛል፣ ዓርብ ከሰዓት ማን ያርፋል። ልጅቷ ካልተኛች ጠርታችሁ የትኛው ቀን ዕረፍቷ እንዲሆን እንደምትፈልግ ጠይቋት፤ የማታ ትምህርት መማር ትፈልግ እንደሆነም። መልሷን እዚያው ወረቀት ላይ ጻፉት።

ጁሙዓ ሙባረክ።