የምትደብቀው ከሌለህ

ከጎንደር ወደ አምባ ጊዮርጊስ በሚኒባስ ስሄድ ለፍተሻ ወረድን። ቦርሳዬ ተገለበጠ፣ ለእናቴ የያዝኩት ቡና ሳይቀር ተፈታ። ምንም አላልኩም። ቀጥሎ በዕድሜ ከእኔ የሚያንስ ልጅ "ስልክህን ክፈተው" አለኝ። (የማን ወገን እንደነበረ እዚህ አልጽፍም።) ሳመነታ ጊዜ "የምትደብቀው ከሌለህ ምን አስፈራህ?" አለ። ከኋላዬ የቆሙ እናት "ስጠው ልጄ፣ አታስመሸን" አሉኝ። ከፈትኩት።

ቴሌግራም ውስጥ ገባ። ከአንድ ጓደኛዬ ጋር የተጻጻፍነውን ወደ ላይ እየጎተተ አነበበ። የጓደኛዬ ትዳር ያን ሰሞን ሊፈርስ ደርሶ ነበር፤ ለወላጆቹ ያልነገራቸውን ነው ለእኔ የጻፈው። ልጁ ሳቅ ብሎ ለባልደረባው አሳየውና "ሂድ" አለኝ። በቃ። ምንም አልሆንኩም።

ያልለቀቀኝ ይህ "ምንም አልሆንኩም" የሚለው ነገር ነው።

ሕጉን ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ ኢንጂነሪንግ ስንማር ማን አንብቡ ብሎን! በ1923ቱ ሕገ መንግሥት እንኳ፣ ሕግ ከፈቀደው ውጭ የሰው ቤት አይበረበርም የሚል አንቀጽ ነበር። የ1954ቱ የሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ ቤት የሚበረብር ፖሊስ፣ ከተወሰኑ ሁኔታዎች በቀር፣ የፍርድ ቤት ማዘዣ እንዲይዝ ያዛል፤ ፍርድ ቤቱ በተለይ ካልፈቀደ ደግሞ ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ብቻ። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 ቤትን፣ አካልንና ንብረትን ብቻ ሳይሆን ደብዳቤን፣ ስልክንና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚደረግ ግንኙነትንም ይጠብቃል። ሞባይል እኛ ጋ ሳይገባ የተጻፈ መሆኑ ገርሞኛል።

ግን አንቀጽ 93 አለ። በአስቸኳይ ጊዜ እንኳ የማይነኩትን ሲዘረዝር 26ን አያነሳም። አንቀጽ 1 ግን አለበት፤ የመንግሥቱ ስያሜ ማለት ነው። ስሙ አይነካም፣ የቤቴ በር ሊነካ ይችላል። በሐምሌ 2015 በአማራ ክልል ምክንያት የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ያለ ማዘዣ መፈተሽን ፈቅዶ ነበር፤ ከስድስት ወር በኋላም ለአራት ወር ተራዘመ። የእኔ ስልክ የተከፈተው ግን እሱም ካበቃ በኋላ ነው።

ለፍተሻው ምክንያት የለውም አልልም። በጤፍ ጆንያ ውስጥ የሚገባ መሣሪያ ነገ ማንን እንደሚገድል አይታወቅም፤ ቦርሳዬ ሲገለበጥ ዝም ያልኩትም ለዚህ ነው። ልዩነቱ፣ መሣሪያ የሚፈልግ ሰው መሣሪያ ሲያጣ ፍለጋው ያበቃል። ስልክ የሚበረብረው ግን ምን እንደሚፈልግ የሚያውቀው ሲያገኘው ነው። በ1969 አዲስ አበባ ቤት ለቤት ስትታሰስ ጠመንጃ ብቻ አይደለም የሚያስጠረጥረው፣ ወረቀትና የጽሕፈት መኪናም ነበር። ዛሬ ያ ሁሉ ወረቀት ኪሳችን ውስጥ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2014 (እ.ኤ.አ.) በራይሊ ጉዳይ ዘጠኙም ዳኞች ተስማምተው፣ ፖሊስ የያዘውን ሰው ስልክ ለመበርበር እንደ ደንቡ ማዘዣ ያስፈልገዋል ያሉትም ስልክ የሚይዘውን ብዛት አይተው ነው።

እኔን ግን ከብዛቱ ይልቅ የባለቤቱ ነገር ነው የሚከነክነኝ። ሥራዬ አፕ መሥራት ነው። አፑ የስልክ ቁጥሮችህን ልይ ብሎ ሲጠይቅ "ፍቀድ" የሚለውን የሚነካው አንድ ሰው ነው፤ የሚወሰደው ግን የሦስት መቶ ሰው ቁጥር ነው። ያንን ቁልፍ ስንት ጊዜ እንደሠራሁት! ኬላው ላይ የነካሁትም እሱኑ ነው። የምደብቀው የለኝም ብዬ የራሴን ልስጥ፤ የጓደኛዬን ማን ፈቀደልኝ? የንስሐ አባት እንዲህ ቢያደርግ ምን እንለው ነበር?

እንቢ ማለት ነበረብህ ወይ ካላችሁኝ፣ አላውቅም። ከኋላዬ ልጅ ያዘለች ሴት ነበረች፤ ሊመሽም ነበር። ጀግና መሆን የሚያስፈልገው መብት መብት ነው ወይ ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ፣ ግን ይህም ማምለጫ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ቤት ስሄድ ገና ጎንደር ሳለሁ መልእክቶቼን አጠፋለሁ። እህቴ ስለ ሕመሟ በድምፅ የላከችልኝን ሳይቀር። ለጓደኛዬ ግን የሆነውን እስካሁን አልነገርኩትም። ይህ ሲወጣ ሊንኩን መጀመሪያ የምልከው ለእሱ ነው።