እናቶች ማንን ይጠይቁ?

እስቲ አንድ ነገር እናስብ። በሮብ ገበያ የምትኖር አንዲት እናት በረመዳን ጾሟ ላይ ሴቶችን ብቻ የሚመለከት ጥያቄ ገጠማት እንበል። ሼኹን እንዳትጠይቅ ሐፍረት ያዛት፤ ባሏን እንዳትልክ እሱም ያፍራል። በመጨረሻ ጎረቤቷ ያለቻትን ይዛ ዝም አለች። ቀዳእ ማውጣት የሚገባትን ጾም ሳታወጣ ዓመታት ያልፋሉ። ለመሆኑ ጥፋቱ የማን ነው?

ሴት በዲን ውስጥ ስላላት ቦታ ሲነሣ ክርክሩ ሁሉ «ኢማም ትሆናለች ወይስ አትሆንም?» በሚለው ላይ ያልቃል። ወንዶችን በሶላት መምራትን በተመለከተ የአብዛኞቹ ዑለማ አቋም የታወቀ ነው፤ አይፈቀድላትም ብለዋል። ይሁን እንጂ ሰው የሚመራው በሚሕራብ ብቻ አይደለም። ሰዎች ዲናቸውን ሊጠይቁት የሚሄዱበት ሰው ሁሉ መሪ ነው።

ለዚህ ማስረጃው ከገዛ ምድራችን ይነሣል። አስማእ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ.) ወደ ሐበሻ ከተሰደዱት ሙስሊሞች አንዷ ነበሩ። በ7ኛው ዓመተ ሒጅራ መዲና ሲገቡ፣ ዑመር (ረ.ዐ.) በሒጅራ እንደቀደሟቸውና ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ይበልጥ ቅርብ እንደሆኑ ነገሯቸው። አስማእ ተቆጡ፤ ነገሩንም ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አቀረቡ። ነቢዩም የመርከቡ ሰዎች ባለ ሁለት ሒጅራ መሆናቸውን አበሠሯቸው። ከዚያ በኋላ አቡ ሙሳ አል-አሽዐሪና ሌሎች የመርከቡ ሰዎች በቡድን በቡድን እየመጡ ይህንን ሐዲስ ከአስማእ አንደበት ይሰሙ ነበር። ልብ በሉ! ጠያቂዎቹ ወንዶች ሰሓቦች ናቸው።

እናታችን ኡሙ ሰለማም (ረ.ዐ.) ከሐበሻ ስደተኞች ነበሩ። ጃዕፈር በነጃሺ ፊት ያደረጉት ንግግር በእርሳቸው ዘገባ ደርሶናል። በሑደይቢያ ሰሓቦች ከሐዘን የተነሣ ትእዛዝ ለመፈጸም በዘገዩ ጊዜ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የተቀበሉት ምክር የእርሳቸው ነበር።

መንገዱ በሰሓቦች ዘመን አልተዘጋም። በ5ኛው ክፍለ ዘመነ ሒጅራ ከሪማ አል-መርወዚያ በመካ ሶሒሕ አል-ቡኻሪን ያስተምሩ ነበር፤ ታላቁ ዓሊም አል-ኸጢብ አል-ባግዳዲ ከተማሪዎቻቸው አንዱ ናቸው። በዘመናችንም ሞሮኮ በ2006 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያዎቹን 50 ሙርሺዳት አስመርቃለች። እነዚህ ሴቶች ሶላት አያሰግዱም፤ ነገር ግን በመስጂድ፣ በእስር ቤትና በሆስፒታል ያስተምራሉ፣ ይመክራሉ።

እንግዲህ ወደ ራሳችን እንመለስ። ያቺ እናት የምትጠይቃት ሴት ያጣችው ለምንድን ነው? ምናልባት ከ20 ዓመት በፊት አንዲት ጎበዝ ልጅ ከቁርኣን ትምህርቷ ተነሥታ ውሃ እንድትቀዳ ስለተላከች፣ ወንድሟ ግን ትምህርቱን ስለቀጠለ ይሆናል። «ቁርኣን ካከተመች ይበቃታል» ብለን ልጃችንን ከፊቅህና ከሐዲስ ስናስቀር፣ የምንጎዳው እሷን ብቻ አይደለም። ነገ ሊጠይቋት የሚመጡትን እናቶች ሁሉ ደጅ ላይ እንመልሳለን።

አባቶችና እናቶች ሆይ! ዛሬ ማታ ልጆቻችሁ ኪታባቸውን ሲዘረጉ፣ ውሃውን ማን ይቅዳ የሚለውን እንደገና አስቡበት። አላህ (ሱ.ወ.) ሴቶች ልጆቻችንን ተጠይቀው የሚመልሱ ዓሊሞች ያድርግልን። አሚን!