የመሪ ስሕተት ዕዳ በማን ላይ ይውደቅ?

በአንድ ቤት ሠርተው የሚያድሩ ሰዎች፥ ገበያ ሲጠፋና ገቢ ሲጎድል ችግሩን አብረው ሊሸከሙ እንደሚገባ የሚክድ የለም። ነገር ግን ጥፋቱ የመጣው በመሪው የተሳሳተ ውሳኔ እንደ ሆነ፥ ዕዳውን ለመክፈል አስቀድሞ ሊጠራ የሚገባው ማን ነው? ብዙ ሠራተኛ በልቡ የሚያመላልሰው፥ በአደባባይ ግን ለመናገር የሚፈራው ጥያቄ ይህ ነው።

ኢንቴል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የኮምፒውተር አንጎል የሚሆነውን ቺፕ በመሥራት ለረጅም ዘመን ከዓለም ቀዳሚ ነበረ። የእጅ ስልክ ገበያ ሲከፈት ግን አልደረሰበትም፤ አዲሱን የአሠራር ዘዴም በቀጠሮው ማድረስ ተሳነው። ይህን የወሰኑት በላይ የተቀመጡት ናቸው እንጂ በፋብሪካው ውስጥ መሣሪያ የሚጠብቁት አይደሉም። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2023 የአለቆችም የብዙ ሠራተኞችም ደመወዝ ተቀነሰ፤ ዋና ሥራ አስኪያጁም ከመደበኛ ደመወዙ ሩቡን ተወ። በ2024 ደግሞ 15 ሺህ ያህል ሰዎች እንደሚሰናበቱ ተነገረ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሥራ አስኪያጁ ከሹመቱ ወረደ፤ በ2025 የተተካውም ሌላ ቅነሳ አስታወቀ።

የሠራተኛው ምሬት ስለ እንጀራ ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ተሳስቷል። ስንብት አንድ ጊዜ ቢመጣ፥ ክፉ ቀን ነው ብሎ መጽናናት ይቻላል። በየጊዜው ሲመላለስ ግን የቀረውም እንደ ሄደው ይሆናል፤ እጁ በሥራው ላይ፥ ዐይኑ በበሩ ላይ ነው። አዲስ ሐሳብ ለማቅረብ ይፈራል፤ ባልንጀራውንም እንደ ተቀናቃኝ ያየዋል። ይህ የመጨረሻው ነው የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ የሰማ ሰው ሦስተኛውን አያምንም።

ይህን የተረዳ አንድ መሪ በጃፓን ነበረ። የኒንቴንዶ ኩባንያ አለቃ ሳቶሩ ኢዋታ፥ ዊ ዩ የተባለው የጨዋታ መሣሪያ ገበያ ባጣ ጊዜ፥ በ2014 የራሱን ደመወዝ ለአምስት ወር በግማሽ ቀነሰ። ለአጭር ጊዜ ትርፍ ሲባል ሠራተኛን ማሰናበት የቀሩትን ልብ እንደሚሰብር አስቀድሞ በ2013 ለባለ አክሲዮኖች ተናግሮ ነበር። እርግጥ ነው፥ ኩባንያው ያጠራቀመው ብዙ ገንዘብ ስለ ነበረው ለመታገሥ ቻለ፤ ሁሉም እንዲህ ያለ ጎተራ የለውም።

ነገር ግን ጎተራው ባዶ የሆነበት መሪም ሊሰጠው የሚችለው ነገር አለ። ንጉሥ ዳዊት ሕዝቡን በመቍጠሩ መቅሠፍት በወረደ ጊዜ፥ በደሉ የራሱ መሆኑን አምኖ፥ ቅጣቱ ምንም ባላደረጉት በጎች ላይ ሳይሆን በእርሱና በአባቱ ቤት ላይ እንዲሆን ለመነ። በደልን ለማመን ገንዘብ አያስፈልግም።

ብዙውን ለማዳን ጥቂቱን ማሰናበት ግድ የሚሆንበት ቀን በእውነት ይመጣል። በዚያ ቀን መሪው ስሕተቱን በስሙ ይጥራ፤ ከኪሳራው የመጀመሪያውን ድርሻ ራሱ ያንሣ፤ የማያውቀውንም ተስፋ አይስጥ። ሠራተኛውም ምሬቱን ኃጢአት ነው ብሎ አይፍራው፤ ፍትሕን የሚፈልግ ሕሊና ድምፅ ነውና። ይሁን እንጂ በአለቃው ተቈጥቶ ሥራውን ቢያበላሽ የሚጎዳው አጠገቡ ያለው ባልንጀራው ስለ ሆነ፥ እጁን ከክፋት ይጠብቅ፤ የተሰናበተውንም ወዳጁን ደጅ ሄዶ ይጠይቅ።

ዓሣ ግማቱ ከአናቱ እንዲሉ፥ ጥፋቱ ከላይ የጀመረ እንደ ሆነ ካሣውም ከላይ ሊጀምር ይገባዋል።